ማደንዘዣው እስኪይዝ

የታችኛው መንጋጋ ማደንዘዣ ከተወጋ በኋላ እስኪይዝ ድረስ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። የላይኛው ቶሎ ይደነዝዛል፤ አጥንቱ ሳሳ ያለ በመሆኑ መድኃኒቱ በቀላሉ ሰርጎ ይገባል። የታችኛው ግን አጥንቱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሐኪሙ መርፌውን ወደ አፍ የኋላ ጥግ አዝልቆ፣ ነርቩ ወደ አጥንቱ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ነው የሚወጋው። ከዚያም ጓንቱን አውልቆ በሌላኛው ክፍል የሚጠብቀውን ታካሚ ለማየት ይወጣል። የምንቀረው ታካሚውና እኔ ነን። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለነዚያ ደቂቃዎች ነው፤ ምክንያቱም በአንድ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከል ውስጥ በጥርስ ሐኪም ረዳትነት በቆየሁባቸው ዓመታት ቁም ነገር ብዬ የማስታውሰው ሥራዬ አብዛኛው የተሠራው ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ ባልነበረበት ጊዜ ነው።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ዲሲን በሚጎራበት አካባቢ ነው። እንዲህ ያሉ ማዕከላት አሜሪካ ውስጥ የተጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1965 ጃክ ጋይገርና ካውንት ጊብሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ቦስተን ከተማ፣ ኮሎምቢያ ፖይንት በተባለው የድሆች መኖሪያ ሰፈር የመጀመሪያውን ሲከፍቱ ነው። ዛሬ የፌዴራል ድጎማ የሚቀበሉ ማዕከላት ሁሉ ማንንም ሰው መክፈል አልቻለም ብለው መመለስ አይችሉም፤ ክፍያው የሚሰላው በቤተሰቡ ብዛትና በገቢው ልክ ሲሆን፣ ገቢው መንግሥት ከሚያወጣው የድህነት ወለል እጥፍ የማይበልጥ ሰው ቅናሽ ያገኛል። ከቦርዱ አባላትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማዕከሉ ታካሚዎች እንዲሆኑ ሕጉ ያስገድዳል። በእኛ መጠባበቂያ ክፍል ከኤልሳልቫዶር፣ ከጓቲማላ፣ ከካሜሩን፣ ከአፍጋኒስታንና ከሀገር ቤት የመጡ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ጉንጫቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ታካሚዎች ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዕድሜያቸውንም ሁኔታቸውንም ሆን ብዬ አደባልቄዋለሁ፤ የሆነው ነገር ግን እንደሆነው ነው።

«ረዳት» የሚለው ቃል ሥራውን ትንሽ ያሳንሰዋል። ሐኪሙ በታካሚው ቀኝ፣ እኔ በግራው እንቀመጣለን፤ የታካሚው አናት በሰዓት ገበታ ላይ 12 ቢሆን የእኔ ቦታ በ2 እና በ4 መካከል ነው። በቀኝ እጄ ሳክሽኑን ይዤ ውኃውንና ምራቁን እስባለሁ፣ ጉንጩንና ምላሱን ከመሰርሰሪያው አርቄ እይዛለሁ፤ በግራ እጄ ዕቃ አቀብላለሁ፣ እቀበላለሁ። በሙያው «አራት እጅ» የሚባለው ይህ አሠራር ሲሰምር ሐኪሙ ዓይኑን ከጥርሱ ላይ ሳያነሣ መዳፉን ብቻ ይከፍታል፤ የሚፈልገው ዕቃም በሚይዝበት አቅጣጫ መዳፉ ውስጥ ያርፋል። መርፌውን የማቀብለው ከታካሚው አገጭ ሥር ነው። በዓይኑ ፊት ካለፈ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ እጁ የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቢያባብለው ያ ትከሻ በቀላሉ አይወርድም። ስለዚህ መርፌው ከአገጭ ሥር ሲያልፍ እኔ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ልጆች ወይም ስለ አየሩ እያወራሁ ነው።

ከታካሚ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ማንም የማያየው ነው። የተጠቀምንበት ዕቃ በንዝረት በሚያጸዳው ማጠቢያ ያልፋል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በወረቀትና በፕላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል፤ ከዚያም በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይቀቀላል። በከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን ካልለወጠ ዕቃው ወደ ወንበር አይሄድም። ምልክቱ ግን ሙቀቱ መድረሱን እንጂ ጀርሙ መሞቱን አይናገርም፤ ስለሆነም በየሳምንቱ ሙቀትን እጅግ የሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር የያዘ ጥቅል ከዕቃው ጋር አብረን ከትተን፣ መሞት አለመሞቱን እናስመረምራለን። ይህን ሁሉ አልፎ የሚቀረው ሽታ የቅርንፉድ ነው። ለጊዜያዊ መሙያ የምንለውሰው ዱቄት የሚለወሰው ከቅርንፉድ በሚወጣ ዘይት ስለሆነ፣ የኛ ሰዎች ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ አየሩን ስበው «ይሄ ቅርንፉድ አይደለም እንዴ?» ይሉኛል። ነው እላቸዋለሁ። ጥርሷን ሲያማት ቅርንፉድ ነክሳ የምታድር እናት ሕክምናዋን አላጣችውም፤ መጠኑን ብቻ ነው የምናስተካክልላት።

በመጀመሪያው ዓመት የሠራሁትን አንድ ስሕተት ሳልናገር ባልፍ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ራስን ማወደስ ይሆንብኛል። አዲስ አበባ ሳለሁ አራት ዓመት በአንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ሠርቼ ነበር። እዚያ የለመድኩት የጥርስ አቆጣጠር በሁለት አኃዝ ነው፤ የመጀመሪያው አኃዝ አፍ ለአራት ተከፍሎ የትኛው ሩብ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመካከለኛው የፊት ጥርስ ወደ ኋላ ስንተኛው እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ 14 ማለት «አሥራ አራት» ሳይሆን «አንድ አራት» ነው፤ የላይኛው ቀኝ አራተኛ ጥርስ። አሜሪካኖች ግን ከላይኛው ቀኝ የመጨረሻ መንጋጋ 1 ብለው ጀምረው በላይ በኩል እስከ ግራው ጫፍ 16 ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ወደ ታች ወርደው ከግራ 17 ብለው ቀኝ ጫፍ ላይ በ32 ይጨርሳሉ። በነሱ ቆጠራ 14 የላይኛው ግራ ትልቅ መንጋጋ ነው። ይህን በትምህርት አውቀው ነበር፤ ፈተናውንም አልፌ ራጅ እንዳነሣ የስቴቱ የጥርስ ሐኪሞች ቦርድ ፈቃድ ሰጥቶኛል። እጄ ግን ገና አልተማረም። አንድ ቀን፣ ሥራ በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ሐኪሟ «የ14ን አንሺልኝ» ብላኝ ወጣች፤ እኔም የቀኙን አነሣሁ። የሚያሳፍረኝ ቁጥሩ አይደለም። ታካሚው፣ አፉ በራጁ መያዣ እንደተሞላ፣ በምላሱ ግራ ጉንጩን እየገፋ ሊያሳየኝ ሲታገል እኔ «እባክዎ አይንቀሳቀሱ» ብዬው ነበር። ሐኪሟ ምስሉን አይታ ምንም ሳትል ድጋሚ እንዳነሣ ነገረችኝ፤ እኔም ታካሚውን ይቅርታ ጠይቄ አነሣሁ። የጨረሩ መጠን በጣም ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ፤ ያለ አስፈላጊነት የተሰጠ ግን ጥቂትም ቢሆን ትርፍ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከማንሣቴ በፊት ታካሚው የሚያመውን ጥርስ በገዛ ጣቱ እንዲነካልኝ አደርጋለሁ።

ሕመም መጠየቅም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በፎርሙ ላይ ያለው ጥያቄ «ከ0 እስከ 10 ሕመምዎ ስንት ነው?» የሚል ነው። አንድ አባት ይህን ስተረጉምላቸው ለረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ «ልጄ፣ ሕመም በኪሎ ይሸጣል እንዴ?» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ በፊት ያለው «እንዴት ነዎት?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ የባሰ ወጥመድ ነው፤ ጉንጩ አብጦ ዓይኑ የጠበበ ሀበሻ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ነው የሚለው። ሰላምታ ነውና እንዲያ ይባላል፤ የማያውቅ ሰው ግን «ሕመም የለም» ብሎ ይጽፋል። እኛ ሕመምን የምንለካው በቃሉ ነው። «ቀዝቃዛ ስጠጣ ይነዝረኝና ይተወኛል» ያለ ሰው ጥርሱ ብዙውን ጊዜ በመሙላት ይድናል። «ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዘኛል፣ ጋደም ስል ይብሳል፣ ጆሮዬ ድረስ ይሄዳል» ያለው ግን የጥርሱ ነርቭ ወደማይመለስበት ደረጃ ደርሶ ሊሆን ይችላል። «ሳኝክበት ብቻ ይወጋኛል» ሲል የተሰነጠቀ ጥርስ ወይም ሥሩ ጫፍ ላይ የተጠራቀመ መግል እጠረጥራለሁ፤ ጠርጥሬ ግን ለሐኪሙ እነግራለሁ እንጂ ስም አልሰጠውም፤ ምርመራ የሐኪሙ ነው። በስልክ የሚያስተረጉሙልን ሰዎች እነዚህን ሦስት ቃላት አንድ ላይ ጠቅልለው «ሕመም አለው» ሲሉ ስሰማ ስልኩን ነጥቄ ልናገር የምደርስበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ስለ አንዲት ቃል ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እናት የታችኛውን መንጋጋ ጥርሳቸውን ለማስነቀል መጡ። የሕክምና ታሪካቸው በስልክ አስተርጓሚ ተሞልቶ አልቋል፤ የደም ግፊታቸው ተለክቷል፤ «መድኃኒት ይወስዳሉ?» በሚለው ጥያቄ ፊት የግፊት ክኒናቸው ብቻ ሰፍሯል። ሐኪሟ ማደንዘዣውን ወግታ ወጣች። እኔ ከአጠገባቸው ተቀምጬ «እማማ፣ ከንፈርዎ ከበደዎት?» እያልኩ እጠብቃለሁ። ስለ ወገባቸው አነሡልኝ። ወገባቸው ከታመመ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ማስቀደስ እንዳቃታቸው፣ ልጃቸው አጥንታቸው ሳስቷል ተብሎ ሌላ ሐኪም ቤት ወስዷቸው በዓመት ሁለት ጊዜ መርፌ እንደሚወጉ ነገሩኝ።

«እማማ፣ ይህን መርፌ ቅድም ለምን አልተናገሩም?»

«የምትውጪው መድኃኒት አለ ወይ ነው ያለችኝ። መርፌ ይዋጣል እንዴ፣ የኔ እናት?»

ትክክል ነበሩ። አስተርጓሚዋ «የሚወስዱት» የሚለውን «የሚውጡት» ብላዋለች። ነገሩ ተራ የቃላት ጉዳይ አይደለም፤ በየስድስት ወሩ የሚወጉ አንዳንድ የአጥንት መሳሳት መድኃኒቶች ጥርስ ሲነቀል የመንጋጋ አጥንት ሳይሽር ቀርቶ እንዲሞት ሊያደርጉ ይችላሉ። አይዘወተርም፤ ከደረሰ ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚያሰቃይ ነው። ወጥቼ ለሐኪሟ ነገርኩ። መንቀያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ወደ መሳቢያው መለሰችው። በዚያን ቀን ጥርሱን ከፍታ የሞተውን ነርቭ አወጣችና በዚያው ቅርንፉድ በሚሸተው ጊዜያዊ መሙያ ዘጋችው፤ ሕመሙ ጋብ አለ። ከዚያም መርፌውን ያዘዘውን ሐኪም ደውላ አነጋግራ፣ ጥርሱ መነቀል ካለበት ከመጨረሻው መርፌ ወራት አልፎ፣ ከሚቀጥለውም በፊት በሚገኝ ጊዜ እንዲሆን ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን በራሴ አማርኛ አብዝቼዋለሁ፤ የሚውጡት፣ የሚወጉት፣ የሚቀቡት፣ ዓይን ውስጥ የሚጨምሩት፣ ከሀገር ቤት ያስመጡት፣ ጠበልም ሆነ ቅጠል፣ ሁሉንም አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ይረዝማል። ለእያንዳንዱ ታካሚ የተመደበው ደቂቃ በሚቆጠርበት ቦታ ይህ ርዝመት እንደሚያስገመግመኝ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜም አስገምግሞኛል።

አንዳንዱ ነገር ደግሞ ከቃል በፊት በዓይን የሚነበብ ነው። አንድ አዲስ የተመረቀ ሐኪም የአንዲት የወሎ እናት ከንፈር ገልጦ ሲያይ ድንገት ዝም አለ። የላይኛው ድዳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ ሊሆን የቀረበ ጥቁር ነው። በትምህርት ቤት የተማረው ጥቁር ድድ ሲያይ ወይ የአማልጋም (ብርማ የጥርስ መሙያ) ብናኝ፣ ወይ የሆርሞን በሽታ፣ አልፎ አልፎም ካንሰር ሊሆን እንደሚችል ነው፤ ወደ ቀዶ ሐኪም የሚልክበትን ወረቀት መጻፍ ጀመረ። እኔ ዝቅ ብዬ «ንቅሳት ነው፤ በልጅነታቸው የተነቀሱት ነው» አልኩት። አላመነኝም፤ ደግነቱ አለማመኑ ተገቢ ነበርና እርሳቸውን እንድጠይቅለት ፈለገ። ጠየቅኳቸው። በሚደማ ድድ ላይ ጥላሸት ተቀብቶ በእሾህ እንደሚወጋ፣ መድኃኒትም ጌጥም እንደነበረ፣ በሠርጋቸው ዋዜማ ድዳቸውን ያላደነቀ ሰው እንዳልነበረ እየሳቁ አወሩን። እኔ በተረጎምኩ ቁጥር ሐኪሙ ወረቀቱን ትቶ ወደ አፋቸው ይበልጥ ቀረበ። በመጨረሻ ፎቶ አንሥቶ ከካርዳቸው ጋር አያያዘው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቅርጹ ወይም ስፋቱ ከተለወጠ እንዲታወቅ። ይህ ጥሩ ሐኪም የሚያደርገው ነው፤ ንቅሳት ያለበት ድድ ሌላ በሽታ አይዘውም ማለት አይደለምና።

ከዝዋይ አካባቢ የመጣ አንድ ታክሲ ነጂ ደግሞ ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍን ነበር። ጥርሱ ቡናማና ነጠብጣብ ያለበት ነው። ያጸዳችለት ባለሙያ ቡና እንዲቀንስ መክራው ሄደች። ቡናው አይደለም። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ፣ ከወንጂና መተሐራ ጀምሮ እስከ ዝዋይና ሐዋሳ፣ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ልጅ ጥርሱ ድዱ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ ከዚያ በላይ ሲጠጣ ቀለሙ ከጥርሱ ጋር አብሮ ይሠራል፤ ምንም ያህል ቢቦረሽ አይለቅም። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ጥርስ እንዳይበላ ተብሎ በብዙ ከተሞች ቧንቧ ውኃ ውስጥ ያው ፍሎራይድ ይጨመራል፤ መጠኑ በሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው። ይህን ስነግረው ሰውየው ከልቡ ሳቀ፤ እጁን ወደ አፉ አመጣና መሐል ላይ መለሰው።

ስለ ጾም የሚነሣውን ጥያቄ በአጭሩ ልለፈው። በሁዳዴ የሚመጡ ታካሚዎች ቀጠሯቸውን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንድናደርግላቸው ይለምናሉ፤ አፋቸው ውስጥ የሚረጨው ውኃ ጾማቸውን የሚገድፍባቸው ይመስላቸዋል። በረመዳንም ይኸው ስጋት አለ። ይገድፋል አይገድፍም ማለት የኔ ሥልጣን ስላልሆነ ለንስሓ አባታቸው ወይም ለኢማማቸው እተወዋለሁ። የኔ ጉዳይ ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱን ወስዶ፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ነው። ይህንንም የምሰማው በነዚያው አሥር ደቂቃዎች ውስጥ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። አሁን አሁን በሁዳዴ ገና ሲገቡ «ዛሬ ምን ቀመሱ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ገንዘብ ግን በአጭሩ የሚያልፍ አይደለም። ታካሚ ለሐኪሙ «ንቀይልኝ» ሲል ለእኔ የሚናገረው ምክንያቱን ነው። ሊድን የሚችል መንጋጋ ነርቩ ታክሞ ቆብ ሲደረግለት በግል ክሊኒክ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የኋላ መንጋጋ የሥር ሕክምና አይሠራም፣ ወደ ውጭ ነው የምንልከው። መንቀል ግን በቅናሹ የአንድ ቀን የገበያ ወጪ አይሞላም። «ምርጫዎ የትኛው ነው?» ብለን ስንጠይቅ ሁለት ምርጫ ያቀረብን ይመስለናል። አንድ ጎልማሳ በሞባይሉ ስሌቱን ሠርቶ፣ የቤት ኪራዩን ቀንሶ፣ ወደ ሀገር ቤት የሚልከውን ቀንሶ፣ የቀረውን ቁጥር አሳየኝ፤ ከዚያም ሐኪሟ ስትመለስ «ሥር ሕክምና አልወድም» አላት። እሷም «ታካሚው አልፈለገም» ብላ ጻፈች። እኔ ቁጥሩን ስላየሁ ቆይቼ ነገርኳት፤ የክፍያ ባለሙያዋን ጠርታ ገቢው እንደገና እንዲታይለት አደረገች፤ ቅናሹ ከፍ አለ፤ ለመንጋጋው ግን አልበቃም። ጥርሱ ተነቀለ። ሁልጊዜ መጨረሻው አያምርም።

ሜሪላንድ ይህን ነገር በከባድ ዋጋ የተማረች ስቴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 ከእኛ ጎረቤት በሆነው በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ይኖር የነበረ ዲሞንቴ ድራይቨር የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ከጥርሱ የተነሣ ኢንፌክሽን ወደ አንጎሉ ገብቶ ሞተ። ጥርሱን መንቀል 80 ዶላር ያህል ይፈጅ ነበር፤ ሁለት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የወጣው ግን ወደ ሩብ ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። ከዚያ በኋላ የልጆች የጥርስ ሕክምና ብዙ ተሻሻለ። የዝቅተኛ ገቢ አዋቂዎች የጥርስ ሕክምና በሜዲኬድ (መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች በሚሰጠው የጤና መድን) የተሸፈነው ግን እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ወዲህ ነው። በዚያን ሰሞን ለስንት ዓመት በጥርስ ሕመም ሲሰቃዩ የኖሩ ሰዎች ስልካችንን አጨናንቀውት ነበር። የኛ እናቶችና አባቶች ግን ከዚህም ይቀራሉ፤ ልጆቻቸው በግሪን ካርድ ያስመጧቸው ወላጆች አብዛኞቹ ለሜዲኬድ አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው፤ የአረጋውያን የመንግሥት መድን የሆነው ሜዲኬር ደግሞ ያላቸውም ቢሆኑ መደበኛውን የጥርስ ሕክምና አይሸፍንላቸውም። ስለዚህ በልጆቻቸው ኪስ እንዳይገቡ ጥርሳቸው እየታመማቸው ዝም ይላሉ። «ልጄ እንዳትሰማ» የሚለው ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ የሰማሁትን ያህል ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም።

የአጥንት መርፌ የሚወጉት እናት ወራት አልፎ በቀጠሯቸው ቀን ተመልሰው መጡ። ሐኪሟ ወግታ ወጣች፤ እኛም እንደ ልማዳችን ቁጭ አልን። ከንፈራቸው አብጦ እንደሆነ ለማየት መስተዋት ጠየቁኝ፤ ሁሉም ይጠይቃል፣ አያብጥም፣ ሰጠኋቸው። ጥርሱ ሲወጣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የቁስሉን ጨርቅ (ጋዙን) አስነክሼ፣ ዛሬ ትኩስ ቡና እንዳይጠጡ፣ በስትሮ ምንም እንዳይስቡ፣ እስከ ነገም እንዳይጉመጠመጡ እየነገርኳቸው ሳለ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ጥርሱን ይፈልጉታል። ከአካሌ የወጣ ነው፣ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ እቀብረዋለሁ አሉኝ፤ ጋዝ ነክሰው ስለነበረ ይህን ለመረዳት ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው።

ለታካሚው መስጠት የተከለከለ አይደለም። አጥቤ ላስረክባቸው መያዣ ስፈልግ በመሳቢያው ውስጥ ያገኘሁት ለሕፃናት የወተት ጥርስ የምንሰጣትን በጥርስ ቅርጽ የተሠራች አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳጥን ብቻ ነው። እርሳቸውም ክዳኗን ከፍተው አይተው፣ መልሰው ገጥመው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። እኔ ወንበሩን መጥረግ ስጀምር በሩ ላይ ቆመው የደነዘዘ ከንፈራቸውን በጣታቸው እየነኩ «ይሄ መቼ ነው የሚለቀኝ?» አሉኝ።

«እስከ ማታ ይለቅዎታል፣ እማማ። እስከዚያ እንዳይነክሱት።»